ጅማ፣ የእናቴ ቤት ቆርቆሮ ላይ ሁለት ሶላር ፓነል፦ ነፋስ እንዳይወስደው እንዴት ልሰር?

የቦሳ ልጅ

ሰላም ለሁላችሁም። እስቲ ጣሪያ የምታውቁ ሰዎች አንድ ነገር ልጠይቃችሁ።

ቦሳ ኪቶ ያለው የእናቴ ቤት ላይ ሶላር ልሰቅል ነው። ሁለት ፓነል፣ እያንዳንዳቸው 550 ዋት። ኢንቨርተሩም ባትሪውም ተገዝቶ አልቋል። ከአዲስ አበባ በአይሱዙ ነው ያስመጣሁት፣ ያንን ሁሉ መንገድ መስታወቱ ይሰነጠቅ ይሆን እያልኩ ስጨነቅ። አሁን ሳሎን ግድግዳ ተደግፈው ቆመዋል። እናቴ ረከቦት የማስቀምጥበት ቦታ ተያዘብኝ እያለች ነው፣ እውነቷን ነው።

ቤቱ የድሮ ጭቃ ቤት ነው። ካፕሪያታው (ጣሪያውን የተሸከመው ዋናው እንጨት) ባህር ዛፍ ነው፣ ቆርቆሮው ደግሞ የተመታው ሞራሌ (በመጋዝ የተሰነጠቀ ባለ አራት ማዕዘን እንጨት) ላይ ሳይሆን ቀጫጭን አጣና ላይ ነው። ቆርቆሮው ባለ 32 ጌጅ፣ ስሱ ነው አሉኝ፣ 15 ዓመት አልፎታል። አንዳንዱ ሚስማር ጭንቅላቱ ብቅ ብሏል።

አንድ ሰራተኛ መጥቶ አየውና "ፓነሉን በሽቦ ከቆርቆሮው ጋር እናስረዋለን፣ ዙሪያውን ጥቂት ሚስማር እንመታለን፣ የትም አይሄድም" አለኝ። ዋጋው ደስ ይላል። ግን ባለፈው ግንቦት ከእኛ ሁለት ቤት አልፎ ያለ ጎረቤት ፓነሉ ከነቆርቆሮው ተነስቶ እንሰት ላይ ነው ያረፈው። እሱም በሽቦ ነበር ያሰረው።

ታዲያ ጣሪያው ይችለዋል ወይ? እንዴት ነው የሚታሰረው? ቀዳዳ ከበሳሁ ደግሞ ክረምቱን ሙሉ ሳፋ ልንደቅን ነው። የጣሪያው አንዱ ጎን ወደ ምሥራቅ ሌላው ወደ ምዕራብ ነው፣ ወደ ደቡብ የሚያይ የለውም። ለሱም ከፍ ያለ ስታንድ አሠርቼ ወደ ደቡብ ላዙረው ብዬ አስቤያለሁ።

---

ትራፓኖ

ወንድሜ በመጀመሪያ ያንን ሰራተኛ አመስግነህ ሸኘው።

ሁሉም ሰው የሚፈራው ክብደቱን ነው። አንድ 550 ዋት ፓነል 28 ኪሎ ገደማ ነው፣ ሁለቱ 56። አንተ ራስህ ጣሪያው ላይ ስትወጣ ከዚያ በላይ ትመዝናለህ፣ ያውም በአንድ እግር ቆመህ። ስለዚህ ጥያቄው ጣሪያው ይሸከመዋል ወይ አይደለም፣ ጣሪያው ይዞ ያስቀረዋል ወይ ነው። የሚያስፈራው ነፋስ ፓነልን ወደ ታች ሲጫነው ሳይሆን ወደ ላይ ሲያነሳው ነው። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር የሚሮጥ ነፋስ በካሬ ሜትር 48 ኪሎ ያህል ግፊት አለው። የሁለቱ ፓነል ስፋት 5 ካሬ ትንሽ ፈቀቅ ይላል። አባዛውና ወደ 250 ኪሎ ይመጣል፣ ወደ ላይ! ጣሪያው ዳርና ጥግ ላይ ደግሞ ከዚህም ይብሳል። አሁን ያንን 250 ኪሎ በ15 ዓመት ሚስማርና በሽቦ ትይዘዋለህ?

የጎረቤትህ ፓነል ከነቆርቆሮው ሄደ ያልከው ትክክል ነው። ሽቦው ቆርቆሮውን ይዟል፣ ቆርቆሮውን ግን የያዘው ያ የላላ ሚስማር ብቻ ነው። ፓነል የሚታሰረው ከእንጨቱ ጋር ነው። ቆርቆሮው መሃል ላይ ያለ የዝናብ ልብስ ነው በለው።

ወደ ደቡብ ላዙረው ያልከውን ደግሞ እርሳው። ፓነሉን ከጣሪያው ከፍ አድርገህ ካቆምከው ሸራ ዘረጋህለት ማለት ነው። ከጣሪያው ጋር በእኩል ተዳፋት ይተኛ፣ ከስሩ ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ክፍተት ተውለት። ክፍተቱ ለአየር ነው። ፓነል ሲግል ጉልበቱ ይቀንሳል፣ ከ25 ዲግሪ በላይ ለእያንዳንዱ ዲግሪ ከ0.3 እስከ 0.4 በመቶ። 60 ዲግሪ ከደረሰ፣ ፀሐይ ላይ ያለ ቆርቆሮ ደግሞ እዚያ ይደርሳል፣ ከ10 በመቶ በላይ አጣህ።

---

ሶላር ወዳድ

ትራፓኖ ጥሩ ብሏል፣ እኔ አቅጣጫውን ልጨምር።

ደቡብ ደቡብ የሚባለው ወሬ ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን ርቀው ከሚኖሩ ሰዎች የመጣ ነው። ጅማ ከምድር ወገብ 7 ዲግሪ ተኩል ያህል ብቻ ነው ወደ ሰሜን ያለችው። ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ ማለቂያ ቀትር ላይ ፀሐይዋ በሰሜን በኩል ነው ያለችው፣ ጥላህን ወጥተህ እየው። በዚያ ላይ እነዚህ ወራት ናቸው ዳመናው የሚበዛው፣ ማለትም መብራት አጥብቀህ የምትፈልግባቸው። ጣሪያህ 15 ዲግሪ ገደማ ተዳፋት ካለው ምሥራቅም ሆነ ምዕራብ ከደቡቡ ጋር ያለው ልዩነት ጥቂት ነው። ለዚያ ብሎ ስታንድ ማሠራት ብር ማቃጠል ነው። ጠፍጣፋም ግን አይሁን፣ ቢያንስ 10 ዲግሪ ይኑረው፣ ዝናቡ አቧራውን አጥቦ እንዲወስድልህ።

ከሁለቱ ምረጥ ብትለኝ ምሥራቁን እላለሁ። የእኛ አገር ክረምት ጠባይ ታውቀዋለህ፣ ጠዋት ብልጭ ይልና ከሰዓት በኋላ ይዘጋዋል። ጠዋት የምትሰበስበው ነው የሚያዋጣህ።

ዛፍ አለ ወይ? እሱን አልነገርከንም። ጥላ ከአቅጣጫ የባሰ ነው። ሁለቱ ፓነሎች በተከታታይ ከተያያዙ የአንዱ ጥላ ሌላኛውንም ይጎትተዋል።

---

የቦሳ ልጅ

ዛፍ አለ :( ምሥራቅ በኩል የጎረቤት አቮካዶ አለ። ጠዋት እስከ 3 ሰዓት ድረስ የጣሪያውን ግማሽ ያጠላዋል። ቅርንጫፉም ወደ እኛ አጥር ዘልቋል፣ ፍሬው ሲወድቅ ቆርቆሮው ላይ ቦምብ ነው የሚመስለው። ጦጣዎቹ ሲመጡማ አይወራም።

---

የአጋሮዋ

የእኔን ልንገርህ ወንድሜ፣ ተማርበት።

እኔ አጋሮ ነኝ። አንድ ትልቅ ፓነል ነበረኝ። የሰቀለልኝ ሰው የፓነሉን ፍሬም በትራፓኖ በስቶ በቀጥታ በቆርቆሮ ሚስማር ከጣሪያው ጋር መታው። ክፍተት የሚባል የለም፣ ልጥፍ ነው። እኔ ምን አውቃለሁ፣ ጠበቅ ብሏል ብዬ መረቅሁት። ዓመት ሳይሞላው ፍሬሙ የተበሳበት ቦታ ተሰነጠቀ። ዋስትናውን ስጠይቅ ፍሬም ከተበሳ ዋስትና የለም አሉኝ፣ ወረቀቱ ላይም እንደዚያ ይላል፣ ማን አንብቦት! ሚስማሩ የተመታው ደግሞ ቆርቆሮው የሚጎደጉድበት፣ ውሃ የሚሄድበት ቦይ ላይ ነበር። መጀመሪያ ነጠብጣብ ነበር፣ ቀጥሎ ኮርኒሱ ሆዱን ነፋ፣ በመጨረሻ አንድ ቀን ማታ እንደተኛሁ ፊቴ ላይ ፈሰሰ።

ስለዚህ ሁለት ነገር፦ ፍሬሙን አትብሱ፣ ቆርቆሮውን ስትበሱ ደግሞ ጉብታው ላይ እንጂ ቦዩ ላይ አትብሱ።

አቮካዶውን በተመለከተ ጎረቤትህን ቡና ጠርተህ ለምነው። ቅርንጫፍ ቢያስቆርጥልህ ፍሬውን ራሴ አወርድልሃለሁ በለው።

---

ጋሼ አናጺ

ልጆች እኔ በዚህ ሥራ 30 ዓመት ቆይቻለሁ። ስለ መብራቱ አላውቅም፣ ስለ እንጨቱ ግን ስሙኝ።

ልጄ፣ የቤትህ ጣሪያ አጣና ነው ብለሃል። አጣናው ሲመታ እርጥብ ነበር ማለት ነው፣ ሁሉም እንደዚያ ነው የሚሠራው። ባህር ዛፍ ሲደርቅ ይኮማተራል፣ ሚስማሩን ይለቃል። ጭንቅላቱ ብቅ ብሏል ያልከው ለዚህ ነው። መልሰህ ብትመታውም ቀዳዳው ሰፍቷልና አይዝም። ጅማ ደግሞ ምስጥ አለ። ስለዚህ አንድ ብሎን ከመግዛትህ በፊት ኮርኒሱን ገልጠህ ከውስጥ ግባ። አጣናውን አንድ በአንድ በቢላዋ ጫፍ ውጋው። ቢላዋው እንደ ቂጣ ከገባልህ በልቶታል። በመዶሻም ንካው፣ ጤነኛ እንጨት ይጮሃል፣ የተበላ ዱብ ይላል።

ከዚያ ቀጭን አጣናን አትብሳው። ከ7 ሴንቲ የቀጠነውን ባለ 10 ሚሊ ብሎን ብታሳልፍበት ታዳክመዋለህ። ይልቅ ፓነሉ በሚያርፍበት ቦታ ብቻ አዲስ ሞራሌ፣ 5 በ 7 ሴንቲ የሆነውን፣ ከአጣናው ጎን ለጎን ከካፕሪያታ ወደ ካፕሪያታ አስገባ። ሦስት መስመር ይበቃሃል። ሞራሌው ራሱ ከካፕሪያታው ጋር በሚስማር ብቻ እንዳይቀር። ባለ 6 ፌሮ ቆልምመህ እሰረው ወይ ብሎን አሳልፍበት። አለዚያ ነፋሱ ፓነሉን ከነብረቱ ከነሞራሌው ይዞት ይሄዳል። አባቶች ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር ባንዱ ተንጠልጠል ያሉት ወደው አይደለም።

ብሎኑን ከላይ ጉብታው ላይ አስገብተህ በሞራሌው አሳልፈህ ከስር ሰፋ ያለ ላሜራ አድርገህ በዳዶ እሰረው። አንድ ነገር ልብ በል፦ ጉብታው ስር ባዶ ነው፣ ብሎኑን ስታጠብቅ ቆርቆሮው ይጨፈለቃል፣ ከተጨፈለቀ ውሃ ይቋጥራል። ስለዚህ የጉብታውን ቅርጽ የያዘ ትንሽ እንጨት ጠርበህ ከውስጥ ገፋ አድርገህ ቆርቆሮውና ሞራሌው መሃል አስገባ። አሁን እንደፈለግህ አጥብቀው።

---

ትራፓኖ

ጋሼ እጅዎ ይባረክ፣ ያቺን የእንጨት ነገር እኔም አላውቃትም ነበር። እኔ ሁሌ ሳላጠብቅ በጎማው ብቻ ነበር የምተዋት።

የቦሳ ልጅ፣ ጋሼ ካሉት ቀጥሎ ያለውን ልንገርህ። ሞራሌው ወደ ጎን ነው የሚሄደው፣ ስለዚህ ሁለት ቱቦላሬ (ውስጡ ባዶ የሆነ ባለ አራት ማዕዘን ብረት)፣ 4 በ 4 ሴንቲ፣ ከታች ወደ ላይ በጣሪያው ተዳፋት ታስተኛለህ። እያንዳንዱ 2 ሜትር ተኩል ገደማ ይሁን። ሦስቱን ሞራሌ ያቋርጣል፣ በእያንዳንዱ መገናኛ ላይ አንድ እግር። ስድስት ብሎን ማለት ነው። ያ 250 ኪሎ ለስድስት ሲካፈል እያንዳንዱ 40 ምናምን ኪሎ ይደርሰዋል፣ ለባለ 10 ብሎን ቀላል ነው። ፓነሎቹን በአግድም አንዱን ከአንዱ በላይ አስተኛቸው። ቱቦላሬዎቹ በፓነሉ ረጅም ጎን ከሁለቱም ጫፍ ሩብ ሩቡ ላይ ይለፉ። ፓነሉ 2 ሜትር ከ28 ከሆነ ከጫፉ 57 ሴንቲ ገባ ብሎ። ጫፍ ላይ ከያዝከው መሃሉ በነፋስ ይዘፍናል፣ መስታወቱ ላይ አይታይም እንጂ ውስጡ ያሉት ሴሎች ይሰነጠቃሉ።

ፓነሉን ከብረቱ ጋር የሚይዘው ከላይ የሚነክስ ክላምፕ ነው። ካላገኘህ ብየዳ ቤት ሄደህ ከ3 ሚሊ ላሜራ የዜድ ቅርጽ ያለው አሠራ፣ ይሠሩልሃል። አሉሚኒየሙና ብረቱ እንዳይነካኩ መሃላቸው ጎማ አስገባ፣ እርጥበት ባለበት ተነካክተው ከቆዩ ይበላላሉ። የመኪና ካላማዳሪያ ቆራርጠህ መጠቀም ትችላለህ፣ በርካሽ ነው የሚገኘው። ለቆርቆሮው ቀዳዳ ግን ካላማዳሪያ አትጠቀም፣ ፀሐይ ያደርቀዋል። ለሱ ለጣሪያ የተሠራውን ጎማ ግዛ፣ በላዩ ሰፊ ሮንዴላ፣ ዙሪያውን ሲሊኮን።

ብየዳውን መሬት ላይ ጨርስ። ቀለሙንም መሬት ላይ ቀባ፣ የቱቦላሬውንም ጫፍ ድፈን፣ ክፍት ከተውከው ውሃ ይገባበታል፣ ተርብ ይሰፍርበታል። ጣሪያ ላይ የሚበየድ ነገር አይኑር። ፍንጣሪው የቆርቆሮውን ዚንክ ያቃጥላል፣ ዝገት ከዚያ ይጀምራል። ኮርኒሱ ማዳበሪያ ከሆነ ደግሞ የባሰ ነገር ይመጣል።

ከጣሪያው ዳርና ከአናቱ ቢያንስ 30 ሴንቲ ራቅ በል። ቦታ ካለህ 50።

---

ጂረን በላይ

ይቅርታ ግን ይሄ ሁሉ ለምን? መሬት ላይ የብረት ምሰሶ ተክሎ ኮንክሪት ሞልቶ እዚያ መስቀል አይሻልም? ጭቃ ቤት ላይ ይሄን ያህል መድከም አልገባኝም። ማጠቡም ይቀላል።

---

የቦሳ ልጅ

ወንድም አስቤው ነበር። ግን ግቢው ጠባብ ነው፣ ቡናና አቮካዶ ሞልቶታል፣ ፀሐይ የሚያገኘው ጣሪያው ብቻ ነው። ሌባም አለ።

---

ሶላር ወዳድ

ጂረን ሐሳብህ መጥፎ አይደለም፣ እንጨቱ ሙሉ በሙሉ ተበልቶ ከተገኘ ወደዚያ መሄዱ አይቀርም። ለሌባው ግን ጣሪያም ላይ ቢሆን ዳዶዎቹን ካጠበቅክ በኋላ የብሎኑን ጥርስ በመዶሻ ደብድበው፣ በቁልፍ አይፈታም። (አንተም አትፈታውም፣ እሱን እወቅ።)

ስለ ገመዱ ማንም አላነሳም። ሁለቱ ፓነል በተከታታይ ሲያያዙ ወደ 100 ቮልት ይመጣል፣ ፀሐይ ካለ ማጥፊያ የለውም። ስታገናኝ ፓነሎቹን በብርድ ልብስ ሸፍናቸው። ኢንቨርተሩ እየሠራ ሶኬቱን አትንቀል፣ የዲሲ (ከፓነሉ የሚመጣው ኤሌክትሪክ) ብልጭታ እንደ ቤቱ መብራት ቶሎ አይጠፋም፣ እጅ ያቃጥላል። በፓነሉና በኢንቨርተሩ መሃል የዲሲ ብሬከር ይግባ። ገመዱ ቆርቆሮው ጠርዝ ላይ አይደገፍ፣ ነፋስ ባወዛወዘው ቁጥር ይገዘግዘዋል። በፕላስቲክ ቱቦ አሳልፈው፣ ቤት ከመግባቱ በፊት ወደ ታች ጎበጥ ብሎ ይመለስ፣ ውሃው እዚያ ጋ ጠብ እንዲል። መብረቅ የሚበዛበት አገር ነው፣ ፍሬሙንና ቱቦላሬውን ከመሬት ጋር አገናኝ። የመዳብ ሽቦው ግን ቆርቆሮውንም አሉሚኒየሙንም ራቁቱን አይንካ፣ ይበላዋል። ይሄን የመብራት ባለሙያ ይሥራልህ።

---

የአጋሮዋ

ስትወጡ ደግሞ ገመድ እሰሩ እባካችሁ። ገመዱን በጣሪያው አናት አሳልፋችሁ ከወዲያ ማዶ ዛፍ ላይ። የአጎቴ ልጅ ጠዋት ጤዛ ላይ ወጥቶ ተንሸራቶ እጁን ሰብሯል። ቆርቆሮ እስኪደርቅ ጠብቁ፣ ስትራመዱም የሚስማሩ ረድፍ ላይ ርገጡ፣ ከስሩ እንጨት ያለው እዚያ ነው።

---

የቦሳ ልጅ

ወገኖች ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ሳምንት ሙሉ ጠፋሁ፣ ሥራ ላይ ነበርኩ።

ኮርኒሱን ገልጬ ገባሁ። ጋሼ እንዳሉት በቢላዋ ስወጋ ሁለቱ አጣና ልክ እንደ ቂጣ ነው የገባልኝ፣ ያውም ምሥራቅ በኩል። ምዕራቡ ግን ድንጋይ ነው። ከጎረቤት ጋር ስለ አቮካዶው ተነጋገርን፣ እሱም ፈቅዶ ነበር፣ ግን እንጨቱን ሳይ ሐሳቤን ቀይሬ ምዕራብ አደረግሁት። ሦስት ሞራሌ አስገባን፣ በፌሮ ታሰረ። ስድስቱን ብሎን ያስገባነው ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ 7 ሰዓት ነው፣ በ8 ሰዓት ዝናቡ መጣ። የጋሼን እንጨት ለመጥረብ የፈጀብኝ ጊዜ ከሁሉም ይበልጣል፣ አራቱን አበላሽቻለሁ።

ትናንት ማታ ደግሞ ወጀብ ነበር። አልተኛሁም። በየደቂቃው የእጅ ባትሪ ይዤ ወደ ላይ አያለሁ፣ እናቴ "አንተ ልጅ፣ ጣሪያውን በዓይንህ ነው የያዝከው?" አለችኝ። ጠዋት ወጥቼ ብሎኖቹን አንድ በአንድ ነካሁ፣ ንቅንቅ የለም። አንድ ቦታ ብቻ ጠብ ጠብ ብሏል። ተከታትዬ ሳየው የእኛ ቀዳዳ አይደለም፣ ብቅ ካሉት ከድሮዎቹ ሚስማሮች አንዱ ነው። ሬንጅ ልቀባው?

---

ጋሼ አናጺ

ሬንጅ አትቀባ ልጄ፣ በፀሐይ ይሰነጠቃል፣ በሚቀጥለው ዓመት መልሶ ያፈሳል። ሚስማሩን ንቀልና እዚያው ቀዳዳ ላይ ከሚስማሩ ወፈር ያለ ባለ ጎማ ብሎን አስገባበት። ሌሎቹንም ብቅ ያሉትን እንደዚያው አድርግ። አራት እንጨት ማበላሸት ምንም አይደለም፣ እኔ ስጀምር ከዚያ በላይ ነው ያበላሸሁት።